ከንጉሠ ነገሥቱ ንስር እስከ ሙሽሪት ጠርሙስ፦ በኢናሜል የተጌጡ የመካከለኛው አውሮፓ የመጠጥ ብርጭቆዎች

ከ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ድረስ በቦሔሚያ፣ በሳክሶኒ፣ በሲሌዥያ፣ በፍራንኮኒያና በአልፕስ ተራሮች አካባቢ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ስለ መንግሥታቸው፣ ስለ ሙያቸው፣ ስለ ትዳራቸውና ስለ እምነታቸው ሊመሰክሩ የፈለጉትን ነገር ቢራ፣ ወይን ጠጅና አረቄ በሚጠጡባቸው ብርጭቆዎች ላይ በኅብረ ቀለም ያስስሉና ያስጽፉ ነበር። ሥዕሉና ጽሑፉ የተሠራበት ቀለም ኢናሜል ይባላል፤ ይህም በማዕድን ቀለም የተሰጠው ብርጭቆ እንደ ዱቄት ከደቀቀ በኋላ በፈሳሽ ተለውሶ በብሩሽ የሚቀባ፣ በእሳትም ቀልጦ ከዕቃው ገጽ ጋር የሚዋሐድ ቀለም ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ የአውሮፓን አቆጣጠር የተከተሉ ናቸው። ጥበቡ በመሳፍንትና በባለጸጋ ከተሜዎች ገበታ ላይ ጀምሮ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ወደ ገበሬው ቤትና ወደ ሙሽሪት ሣጥን የወረደ ሲሆን፣ ለመውረዱ ዋናው ምክንያት ከሰዎች ምርጫ ይልቅ ራሱ ሥራው ከሚከናወንበት መንገድ ላይ የሚገኝ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከመፍጨት ነው። ነጩ ቀለም ከቆርቆሮ ኦክሳይድ፣ ሰማያዊው ከኮባልት፣ አረንጓዴው ከመዳብ፣ ቢጫው ከእርሳስና ከአንቲሞኒ፣ ቀዩ ከብረት፣ ወደ ሐምራዊና ወደ ቡናማ የሚያደላው ደግሞ ከማንጋኒዝ የሚገኝ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ማዕድን ብዙ እርሳስ ካለበት ብርጭቆ ጋር ቀልጦ ከቀዘቀዘ በኋላ እስኪልም ድረስ ይደቅቃል። እርሳሱ የተጨመረው ቀለሙ ከዕቃው ቀድሞ እንዲቀልጥ ነው። የጥበቡ ምስጢር ሁሉ ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ቀለሙ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲፈስና ሲያያዝ፣ ሥዕሉን የተሸከመው ዕቃ ግን ቅርጹን ሳይለቅ መቆም ይኖርበታል፤ እሳቱ ካነሰ ቀለሙ በኋላ እየተቀረፈ ይወድቃል፣ ከበዛ ደግሞ ብርጭቆው በራሱ ክብደት ይጎብጣል። ሰዓሊው የተለወሰውን ቀለም በብሩሽ ቀብቶ፣ ገና እርጥብ ሳለ በሹል ነገር እየጫረ ላባን፣ ፀጉርንና የልብስን እጥፋት ካወጣ በኋላ፣ ብርጭቆዎቹን ጭስና አመድ እንዳይነካቸው ከሸክላ በተሠራ ዝግ ክፍል ውስጥ ደርድሮ ከውጭ በኩል እሳት ያነድባቸዋል፤ ሙቀቱም ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቀስ እያለም ይወርዳል፤ በድንገት የቀዘቀዘ ብርጭቆ ይሰነጠቃልና።

ይህን የመሰለ ምድጃ ትንሽ ነው። ብርጭቆን ከአሸዋና ከአመድ ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ታላቅ እቶን ቀንና ሌሊት የሚነድ፣ ጫካ የሚበላ፣ የባለርስት ፈቃድና ብዙ ሠራተኛ የሚጠይቅ ሲሆን፣ የቀለም ምድጃው ግን በአንድ ቤት ጓሮ ሊሠራ ይችላል። ሰዓሊው ያልተጌጠውን ዕቃ ከብርጭቆ ማምረቻው ገዝቶ በቤቱ ያስጌጠዋል። የንጉሠ ነገሥቱን ንስር የሳለው እጅና የመንደር ሙሽሪትን ስም የጻፈው እጅ የተጠቀሙበት መሣሪያ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ጥበቡ ከቤተ መንግሥት ሲወጣ ለመኖር ያስቻለውም ይኸው ነው።

በብርጭቆ ላይ ኢናሜል መቀባት የአውሮፓ ግኝት አልነበረም። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን በሶርያና በግብፅ የነበሩ ባለሙያዎች በወርቅና በኢናሜል ያጌጧቸው የመስጊድ ፋኖሶችና ጽዋዎች እስከ ዛሬ ወደር የላቸውም፤ ወደ እንግሊዝ አገር የደረሰውና ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚታየው የኤደንሆል ጽዋም ከዚያው ከሶርያ ወይም ከግብፅ የመጣ ሥራ ነው። ቬኒስ በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የራሷን የኢናሜል ጽዋዎች መሥራት የጀመረች ሲሆን፣ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘውና ማስተር አልድረቫንዲን የተባለ ሰው ስሙን የጻፈበት ጽዋ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የአውግስቡርግና የኑረምበርግ ባለጸጋ ነጋዴዎች የቤተሰባቸው አርማ የተሳለባቸውን ብርጭቆዎች ከቬኒስ ደሴት ከሙራኖ ያስመጡ ጀመር። በሰሜን ያሉ ባለሙያዎችም የተፈላጊውን ዕቃ አሠራር ለመማር ብዙ አልዘገዩም፤ በጽዋው ከንፈር ዙሪያ የሚሄደው የወርቅ መቀነትና በላዩ የሚደረደሩት የነጭ፣ የቀይና የሰማያዊ ነጠብጣቦች ከቬኒስ ተወርሰው በጀርመን አገሮች ጽዋዎች ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተዋል።

የሰሜኑ ብርጭቆ ግን የቬኒስን ጥራት አልያዘም። የቬኒስ ባለሙያዎች ከባሕር ዳርቻ ዕፅዋት አመድ በሚገኝ ሶዳ ሲሠሩ፣ የቦሔሚያና የጀርመን ሠራተኞች በጫካ ውስጥ ሰፍረው ከዛፍ፣ በተለይም ቢች ከሚባለው ዛፍ፣ አመድ በሚወጣ ፖታሽ ይሠሩ ነበር፤ አሸዋው ውስጥ ያለው ብረትም ዕቃውን አረንጓዴ ወይም ቢጫማ ያደርገው ነበር። የጫካ ብርጭቆ የሚባለው ይህ ነው። ወፍራም፣ አረፋ የበዛበት፣ ቀለሙም ያልጠራ በመሆኑ ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የሰሜኑ ሰዓሊዎች ድምቀት ያላቸውን፣ ብርሃን የማያሳልፉትን ነጭ፣ ቢጫና ቀይ ቀለሞች ጥቅጥቅ አድርገው ቀብተው ሥዕሉ ከአረንጓዴው ገጽ ላይ ጎልቶ እንዲወጣ ስላደረጉ፣ ያልጠራው ብርጭቆ ለሥዕሉ ጥሩ መደብ ሆኖላቸዋል። ከቬኒስ የነጠረ ብርጭቆ ይልቅ ይህ ሸካራ ዕቃ ለእንዲህ ያለው ሥዕል የተሻለ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በዚያው ዘመን ሌላ፣ ርካሽ የሆነ መንገድም ነበር። በ1534 በቲሮል አገር በሃል ከተማ የተቋቋመው የብርጭቆ ማምረቻ ብዙ ዕቃዎቹን የሚያስጌጠው እሳት በማይነካው ቀለም ነበር፤ እንዲህ ያለው ሥዕል በእጅ መዳሰስና በመታጠብ እየተፋቀ ስለሚጠፋ ዛሬ በብዙዎቹ ላይ የሚታየው ርዝራዡ ብቻ ነው። በእሳት የተያያዘው ኢናሜል ግን አራት መቶ ዓመት ሙሉ ታጥቦ ቀለሙን አልለቀቀም። በቦሔሚያ በዮአኪምስታል የማዕድን ከተማ ፓስተር የነበረው ዮሐንስ ማቴዚዩስ በ1562 በታተመው ሳሬፕታ በተባለው የስብከት መጽሐፉ ውስጥ ስለ ብርጭቆ አሠራር አንድ ሙሉ ስብከት ያቀረበ ሲሆን፣ ሥዕልና ጽሑፍ በብርጭቆ ላይ በእሳት እንደሚያያዝም ጠቅሷል። ጥበቡ በዚያ ጊዜ በአካባቢው የታወቀ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የዘመኑ ዋነኛ ዕቃ ሁምፐን የሚባለው ነው። ሁምፐን ቀጥ ያለ፣ ሰፊና ረጅም፣ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ጽዋ ሲሆን፣ ትልልቆቹ ከ3 ሊትር በላይ ቢራ ይይዛሉ፤ ስለዚህ አንድ ሰው ለብቻው የሚጠጣበት ሳይሆን በገበታው ዙሪያ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የማኅበር ጽዋ ነበር። ከሁምፐን ሁሉ የታወቀው ደግሞ ባለ ሁለት ራስ ንስር የተሳለበት፣ የንጉሠ ነገሥት ንስር ጽዋ የሚባለው ነው። ንስሩ ክንፎቹን በጽዋው ዙሪያ ዘርግቶ በላባዎቹ ላይ የቅዱስ የሮማን ግዛት አባላት የሆኑትን የመሳፍንትና የከተሞች አርማዎች ይሸከማል። ከላይ ሰባቱ መራጮች፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥቱን የመምረጥ መብት በ1356 በወርቃማው አዋጅ የጸናላቸው ሦስት ሊቃነ ጳጳሳትና አራት ዓለማዊ ገዢዎች፣ ከሮማ ከተማ አርማ ጋር ይሰለፋሉ፤ ከእነርሱ በታች ደግሞ አራት አራት እየሆኑ የተቧደኑ 48 አርማዎች ስለሚገኙ ድምራቸው 56 ይሆናል። አራቱ መስፍኖች፣ አራቱ የድንበር ገዢዎች፣ አራቱ ፈረሰኞች፣ አራቱ ከተሞች እየተባለ የሚወርደው ይህ አቀማመጥ በመጨረሻ አራቱ ገበሬዎች ላይ ይደርሳል፤ በገበሬነት የቆሙት ግን ኮሎኝ፣ ሬገንስቡርግ፣ ኮንስታንስና ሳልዝቡርግ የተባሉት ትልልቅ ከተሞች ናቸው። የግዛቱ እውነተኛ አስተዳደር በዚህ መልክ የተዋቀረ አልነበረም፤ ሥዕሉ የሚያሳየው መንግሥት ከገበሬ እስከ ንጉሠ ነገሥት አንድ አካል ነው የሚለውን እምነት ነው።

የሥዕሉ ምንጭ አውግስቡርጋዊው ሰዓሊ ሃንስ ቡርክማየር በ1510 ያሳተመው የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ነው። የኅትመት ወረቀት ርካሽና ተንቀሳቃሽ በመሆኑ በጫካ ውስጥ ያለ የብርጭቆ ሰዓሊ ታላቁን የግዛት አርማ ከፊቱ አስቀምጦ መገልበጥ ችሏል፤ የአርማዎቹ ስም ሲሳሳት፣ ቀለማቸውም ሲቀያየር መታየቱ የሚገርም አይደለም። ዓመተ ምሕረት ከተጻፈባቸው የንስር ጽዋዎች መካከል ቀደም ካሉት አንዱ በ1571 የተሠራውና በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው ነው። በቀደሙት ጽዋዎች የንስሩ ደረት ላይ የተሰቀለው ክርስቶስ ይታይ የነበረ ሲሆን፣ ኋላ ላይ ቦታውን የንጉሠ ነገሥትነት ምልክት የሆነው ባለ መስቀል ሉል ወስዶታል። በዚያው ዘመን አካባቢ ንጉሠ ነገሥቱና ሰባቱ መራጮች በፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚታዩባቸው ጽዋዎችም ተስፋፍተዋል። ከ1618 እስከ 1648 የዘለቀው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ካበቃ በኋላ ደግሞ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት፣ የፈረንሳዩ ንጉሥና የስዊድኗ ንግሥት በክርስቶስ ፊት ሲታረቁ የሚታዩባቸው ጽዋዎች ተሠርተዋል፤ ከተሞቹ የተቃጠሉበትና እርሻው ጦም ያደረበት ሕዝብ ሰላሙን እያነሣ ይጠጣባቸው የነበሩ በመሆናቸው፣ ከብዙ የስምምነት ሰነዶች ይልቅ የዘመኑን ስሜት አቅርበው ያሳያሉ።

ከመንግሥት ሥዕል ወደ አገር ሥዕል የተደረገው መሻገር ከሁሉ በተሻለ የሚታየው በፍራንኮኒያ በፊሽትል ተራሮች ነው። በዚያ በኦክሰንኮፕፍ ተራራ ግርጌ የሚገኘው የቢሾፍስግሩን መንደር የብርጭቆ ሠራተኞች በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን ተራራውን ራሱን በጽዋ ላይ ሳሉት። ከተራራው አካባቢ ማይን፣ ናብ፣ ዛለና ኤገር የተባሉ አራት ወንዞች ወደ አራት አቅጣጫ ይወርዳሉ፤ የናብ ውኃ በዳኑብ በኩል ጥቁር ባሕር ሲደርስ፣ የሌሎቹ ውኃ በራይንና በኤልበ በኩል ወደ ሰሜን ባሕር ይገባል። በጽዋው ላይ ተራራው በጥድ ዛፎች ተሸፍኖ፣ የበሬ ራስ ከላዩ ተቀምጦ፣ አራቱ ወንዞች ከሥሩ ሲፈልቁ፣ በዙሪያውም የጫካው አውሬዎች ሲሮጡ ይታያል። በተራራው ላይ ሰንሰለትና ቁልፍም ይሳላል፤ የአካባቢው ሰዎች በተራራው ሆድ ውስጥ ወርቅና የከበረ ድንጋይ ተቆልፎበታል ብለው ያምኑ ነበርና። ንጉሠ ነገሥት የሌለበት፣ መስፍን የሌለበት፣ የአገሬው ሰው ስለ አገሩ የሚያውቀውንና የሚያምነውን የያዘ ይህ ጽዋ ከኢናሜል ሥራዎች ሁሉ እጅግ የሚወደድ ነው።

በእነዚህ ጽዋዎች ዙሪያ የነበረው የመጠጥ ሥርዓት የታወቀ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቪልኮም የሚባለው የእንግዳ መቀበያ ጽዋ ሞልቶ ይቀርብለታል፤ የሙያ ማኅበራት፣ ማለትም የአናጺዎች፣ የዳቦ ጋጋሪዎች፣ የጫማ ሰፊዎችና የመሳሰሉት ቡድኖች፣ አዲስ አባል ሲቀበሉና ዓመታዊ ስብሰባ ሲያደርጉ የሙያቸው መሣሪያና የመሪዎቻቸው ስም የተጻፈበትን ጽዋ ያዞራሉ። ፓስግላስ የሚባለው ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ደግሞ ለውድድር የተሠራ ነበር፤ ዙሪያውን በእኩል ርቀት የሚከብቡት ቀለበቶች ስላሉት ጠጪው አንድ ጊዜ ሲጎነጭ መጠጡን ልክ ከቀጣዩ ቀለበት ላይ ማድረስ ይጠበቅበታል፤ ካለፈው ወይም ካልደረሰበት እስከሚቀጥለው ቀለበት ድረስ እንደገና ይጠጣል፤ ብርጭቆው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍም ሁሉም ዓይኑን ከመጠጡ ልክ ላይ አያነሣም። በአንዳንዶቹ ላይ የመጫወቻ ካርታዎች ተስለው ይገኛሉ። የግዛቱ ሹማምንት ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እርስ በርስ እየተጋበዙ በግድ መጠጣትን ደጋግመው በአዋጅ ከልክለዋል፤ አዋጁ ደጋግሞ መውጣቱ ልማዱ እንዳልተተወ ያሳያል፣ ብርጭቆዎቹም ይህንኑ ይመሰክራሉ።

ከ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በኋላ የባለጸጎች ምርጫ ተለወጠ። በፕራግ በንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ 2ኛ አደባባይ የነበረው ካስፓር ሌማን በ1609 ብርጭቆን በመንኮራኩር ለመቅረጽ ልዩ ፈቃድ ካገኘ በኋላ የቅርጽ ሥራ እየተስፋፋ ሄደ፤ በመቶ ዓመቱ መጨረሻም የቦሔሚያ ሠራተኞች ፖታሽንና ኖራን አዋሕደው እንደ ክሪስታል የጠራና ለቅርጽ የሚመች ወፍራም ብርጭቆ ማምረት ቻሉ። በ1710 በማይሰን የተከፈተው የሸክላ ፋብሪካ ደግሞ ቀድሞ ከሩቅ ምሥራቅ ይመጣ የነበረውን ፖርሴሊን ለአውሮፓ ገበታ አቀረበ። የጠራ ብርጭቆና ነጭ ፖርሴሊን በገባበት ቤት በደማቅ ቀለም የተሳለ አረንጓዴ ጽዋ የድሮ ሰው ዕቃ መሰለ። ኢናሜል ያን ጊዜ ሊጠፋ ይችል ነበር፤ ያልጠፋው ትንሹ የጓሮ ምድጃ ስለነበረ ነው።

በ18ኛው መቶ ዘመን በቦሔሚያ፣ በባቫሪያ ጫካ፣ በጥቁር ደንና በአልፕስ ሸለቆዎች የሚሠሩት የኢናሜል ዕቃዎች ያነሱ፣ የቀለሉና የረከሱ ሆኑ። ከሁሉ የበዛው ባለ አራት ወይም ባለ ስድስት ጎን፣ ከአፉ ላይ የቆርቆሮ ክዳን በጥምዝ የሚገጠምለት ትንሽ የአረቄ ጠርሙስ ነው፤ ከእርሱ ጋር ጆሮ ያላቸው የቢራ መጠጫዎችና ትንንሽ ብርጭቆዎች ይሠሩ ነበር። ሥዕሎቹም ሌላ ናቸው፦ በቅርንጫፍ ላይ ያረፈች ወፍ፣ ጽጌረዳና ቱሊፕ፣ በእሳት የሚነድ ልብ፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ወንድና ሴት፣ የሙያ መሣሪያ፣ ፈረስ፣ በጀርባው በኩልም የምርቃት፣ የፍቅር ወይም የቀልድ ቃል ከዓመተ ምሕረቱ ጋር። ሙሽሮች፣ ክርስትና አባቶችና ወዳጆች በስጦታ ይሰጣጧቸው ነበር።

የእነዚህን ጠርሙሶች ሥዕል ያላዋቂ እጅ ሥራ አድርጎ ማየት በብዙ መጻሕፍት የተለመደ ሆኖ ቆይቷል፤ ይህ ፍርድ ግን ተገቢ አይደለም። የመንደሩ ሰዓሊ የሚከፈለው በዕቃ ቁጥር ስለሆነ ወፏን በጥቂት የብሩሽ ጭረቶች፣ ጽጌረዳዋን በሦስትና በአራት ነጠብጣቦች መጨረስ ነበረበት፤ ኢናሜል ከተቀባ በኋላ እንደ ዘይት ቀለም እየተደራረበ የሚታረም ባለመሆኑም እጁ ማመንታት አልቻለም። በአንድ ጭረት ወፍረው ጀምረው ቀጥነው የሚያልቁት ቅጠሎች፣ ዙሪያውን ሳይዛነፉ የሚዘልቁት ነጭ መስመሮችና ባለ አራት ጎኑን ዕቃ በሚገባ የሚሞላው አቀማመጥ ሺህ ጊዜ ተደጋግሞ የጠነከረ ችሎታ ይጠይቃሉ። የንስሩን ጽዋ የሳለው ሰው ኅትመት እየተመለከተ ይገለብጥ ነበር፤ የመንደሩ ሰዓሊ ከጭንቅላቱ ያወጣ ነበር።

ዕቃውን ወደ ሕዝቡ ያደረሱት ደግሞ ነጋዴዎች ናቸው። በጥቁር ደን ብርጭቆ ተሸካሚዎች የሚባሉ ሰዎች በጀርባቸው ባዘሉት የእንጨት ማዘያ ውስጥ ብርጭቆውን በገለባ እየጠቀለሉ ከመንደር መንደር ይዞሩ ነበር። ከቦሔሚያ ከሽታይንሸናው መንደር የተነሣው ጌኦርግ ፍራንዝ ክራይቢሽ፣ እርሱም ብርጭቆ መሳልና መቅረጽ የተማረ ሰው፣ በ1680ዎቹ የእጅ ጋሪ እየገፋ ንግዱን ጀምሮ ከዓመታት በኋላ እስከ ለንደን፣ እስከ ሞስኮና እስከ ቁስጥንጥንያ ድረስ የተጓዘ ሲሆን፣ ጉዞዎቹን በማስታወሻ ጽፎ ትቷል።

ዕቃው አትላንቲክንም ተሻግሯል። ከጀርመን አገር ተሰዶ በ1750 ወደ አሜሪካ የገባው ሄንሪ ዊልያም ስቲግል በፔንሲልቬኒያ በማንሃይም ከተማ የብርጭቆ ማምረቻ አቋቁሞ በ1774 እስኪከስር ድረስ ሠርቷል፤ በፔንሲልቬኒያ ጀርመኖች ቤት የተገኙት ወፍና ልብ የተሳለባቸው ጠርሙሶችም ለብዙ ጊዜ የእርሱ ሥራ ተደርገው ይሸጡና በሙዚየም ይቀመጡ ነበር። ሠራተኞቹ ከአውሮፓ የመጡ ስለሆኑና ያንኑ የአገራቸውን አሠራር ስለተከተሉ፣ በሌላ በኩልም ተመሳሳዩ ዕቃ ከቦሔሚያ በብዛት ይገባ ስለነበር፣ ሁለቱን መለየት አዳጋች ሆነ። ዛሬ ጠንቃቃ ተመራማሪዎች ስቲግል መሰል ከማለት አያልፉም።

ከባዱ የመለየት ችግር ግን የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። ቅዱሱ የሮማን ግዛት በ1806 ከፈረሰ በኋላ ያለፈውን ዘመን በናፍቆት የሚመለከቱ የጀርመን ከተሜዎች የንስር ጽዋን በሳሎናቸው ሊያቆሙ ስለፈለጉ፣ በሲሌዥያ በፔተርስዶርፍ የነበረው የፍሪትዝ ሄከርት ድርጅትና ሌሎችም የጥንቱን መልክ የተከተሉ ጽዋዎችን በብዛት አወጡ። እነዚህ በራሳቸው ጥሩ ሥራዎች ናቸው፤ ሆኖም አንዳንዶቹ የ16ኛውና የ17ኛው መቶ ዘመን ዓመተ ምሕረት ስለተጻፈባቸው በኋላ እንደ ጥንታዊ ተሸጠዋል። ዐዋቂዎች ዕቃውን ገልብጠው መቀመጫውን ይመለከታሉ፤ በእውነተኛው ጥንታዊ ጽዋ ሥር የሠራተኛው የብረት ዘንግ የተነቀለበት ሸካራ ጠባሳና በየአቅጣጫው የተሠራጨ የዘመናት ጭረት ሲገኝ፣ በቅጂው ላይ አረንጓዴው ቀለም እጅግ እኩል ሆኖ፣ ሥዕሉም ከመጠን በላይ ተስተካክሎ ይታያል።

ሙያው በተወለደበት አካባቢ በትምህርት ቤት የተደገፈው በ1856 ነው፤ በዚያ ዓመት የክራይቢሽ መንደር በሆነችው በሽታይንሸናው፣ በዛሬ ስሟ ካሜኒትስኪ ሼኖቭ፣ የብርጭቆ ሙያ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሥዕልንና ቅርጽን ማስተማር የጀመረ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ በቼክ አገር ዛሬም ይሠራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1945ና በ1946 ጀርመንኛ ተናጋሪው ሕዝብ ከቼኮዝሎቫኪያ ሲባረር አስተማሪዎችና ባለሙያዎች ሙያቸውን ይዘው ተሰደዱ፤ ከእነርሱ የተወሰኑት በ1948 በቦን አቅራቢያ በራይንባህ ከተማ አዲስ የብርጭቆ ትምህርት ቤት ለመመሥረት በቁ፤ በከተማዋም በ1968 የብርጭቆ ሙዚየም ተከፈተ። በ2023 ዩኔስኮ በእጅ የሚሠራ ብርጭቆን ዕውቀትና ክህሎት በቼክ፣ በጀርመን፣ በፈረንሳይ፣ በሃንጋሪ፣ በፊንላንድና በስፔን የጋራ ጥያቄ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር፣ በአንድ ወቅት በድንበር የተለያዩት ቼኮችና ጀርመኖች ይህን ሙያ የጋራቸው አድርገው በአንድ ሰነድ ላይ ፈርመዋል።